በቁሜ ድንኳን ለለካልኝ ዕድር

ለተከበሩ ማ-ዲኬሌዲ፣
የሰፈራችን የቀብር ዕድር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እርስዎ የእኔን ጤና ሳይጠይቁኝ ስለወሰኑ፣ እኔ እንኳ የእርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋብኝ ይህን ደብዳቤ የሞት ማስታወቂያ በሚለጠፍበት የሱቁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚያ ቆሞ ሳያነብ የሚያልፍ ሰው የለም።

ፔሎኖሚ ነኝ፤ ያቺ ወፍራሟ የማ-ፔሎኖሚ ልጅ። አምና የእናቴን እግር የስኳር በሽታዋ ባቆሰለው ጊዜ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄጄ ነበር። ነርሷ ሁለታችንንም ሚዛን ላይ አወጣችን። የእኔን ክብደት በመስኮት ጮክ ብላ ስታስጽፍ ሰልፉ በሙሉ ሰማ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገር ግን ክብደት እንዴት እንደሚቀነስ ረጋ ብላ ያስረዳችንም እሷው ናት። “አትቸኩሉ። ራሳችሁን ካስራባችሁ ነገ ትመለሱበታላችሁ። ገንፎውን ቀነስ፣ ጎመኑን ጨመር አድርጉ። የሻዩን ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ተዉት። ቁስሉ ሲድን ደግሞ በየቀኑ ተራመዱ። እማማ፣ ይህን እግር ከወደዱት ያንቀሳቅሱት” አለች።

እኛም ሰው እንዳያየን ጎህ ሳይቀድ ከብቶቹ ውሃ እስከሚጠጡበት ድረስ እየተራመድን እንመለስ ነበር። ሳለከልክ የሚያየኝ ሰው እንዳይኖር ጨለማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወራት አለፉ። የትምህርት ቤት ቀሚሴ ሰፋኝ፤ የእናቴም ስኳር ወረደ። በመንገድ ላይ መዝፈን ጀምራ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ በውሃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ “ያቺ ልጅ እንዲህ የከሳችው በደህናዋ አይደለም፤ ያ ነገር ይዟት ነው። እናትየዋ በጨለማ ባለመድኃኒት ቤት የምታመላልሳት ለምን ይመስላችኋል?” ሲሉ የበሽታውን ስም ስላልጠሩ ለጨዋነትዎ አመሰግናለሁ። ስሙን ሌሎቹ ጨምረውበታል።

ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ዕለት የዕድሩን ሴቶች ሰማያዊ የቀብር ሻል አስለብሰው፣ ከበራችን ጀምሮ መዝሙር እያስዘመሩ ሊጠይቁኝ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ገንዘብ ያዡ ራ-ሌሴጎም ጊዜ አላባከኑም። ገመድ አውጥተው ከግድግዳችን እስከ ማሩላው ዛፍ ድረስ ለኩና “ለድንኳኑስ ቦታው ይበቃል፤ ድስቶቹን ግን ከጓሮ እንጥዳቸው” አሉ። የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። “ልጄ፣ እስቲ ያዥልኝ” ሲሉኝ እምቢ ማለት አፍሬ።

ሦስተኛውን መጻፍም ያሳፍረኛል። ሳፋ ሙሉ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ይዛችሁ መጥታችሁ ነበር። “ካልታመምሽ ብይ እንይሽ” አሉኝ እርስዎ። “ብይ እንጂ! ምነው፣ አፍሽ ቆሰለ እንዴ?” አለች ከኋላ ያለችው፤ ሁሉም ሳቁ። በላሁ። አንዱን ስውጥ ሌላ ታቀብሉኝ ነበር። ዘይቱ በክንዴ እየወረደ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ በላሁ፤ እናንተም እልል አላችሁ። እንደዚያ ቀን በሰውነቴ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ የሚዛኑ ቀን እንኳ ከዚያ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለእኔ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ዝም ማለት እችልበታለሁ። ነገር ግን እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። “ልጇ እየሞተችባት ሽርሽር ትወጣለች ይሉኛል” ትላለች። ጫማዋን አልጋ ሥር ከታዋለች። ሻይዋን እንደ ድሮው አጣፍጣ ትጠጣለች። እግሯ እንደገና መደንዘዝ ጀምሯል፤ ነርሷም በቀደም ስታየው እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም።

እኔ ብለምናት አትሰማኝም። የእርስዎን ቃል ግን ትሰማለች፤ ቤት ያስቀመጣትም እሱ ነው። ስለዚህ በእሑዱ የዕድር ስብሰባ ላይ፣ በቧንቧው ሰልፍ በተናገሩበት በዚያው ድምፅ፣ “ፔሎኖሚ አልታመመችም፤ ማ-ፔሎኖሚ፣ ውጪና ተራመጂ” እንዲሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔም ከሰኞ ጀምሮ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በደጅዎ አልፋለሁ። ሳለከልክ ያዩኛል፤ እያፈርኩም ቢሆን አልፋለሁ። እናቴ አብራኝ ትሁን አትሁን ግን በእርስዎ እጅ ነው።

ለደግነትዎ እጅ እየነሳሁ፣ እስካሁን ስላልቀበሩኝም እያመሰገንኩ፣
አክባሪዎ ፔሎኖሚ
(በሕይወት ያለችው)

ማስታወሻ፦ ራ-ሌሴጎ የለኩበትን ገመድ ዛፉ ሥር ረስተውት ሄደዋል። እየዘለልኩበት ነው፤ ለዝላይ ልኩ ነው። ዕድሩ ለሌላ ሰው ድንኳን ከፈለገው ጠዋት መጥቶ ይውሰድ። እባካችሁ፣ ያ ሰው እናቴ አትሁን።