ቫይረሱ የሌለባት ሕፃን ደም

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ እማዬን ከቀበርን ወዲህ አንቺ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

ትንሿ እህታችን ሚጢጢም እማዬ የነበረባት የኤች አይ ቪ ቫይረስ የለባትም ተብሏል። ሐኪሙ ግን ዛሬም ደሟን ቀዳ። «ነፃ ናት አላላችሁም እንዴ?» ስለው፣ «እናታችሁ በእርግዝናዋ የወሰደችው መድኃኒት የልጅቷን ሴሎች እንዳልነካ ለማየት ነው፤ አንዳንዱን ሕፃን ያደክማል፤ አብዛኞቹ ግን ምንም አይሆኑም» አለኝ። «አብዛኞቹ» ሲል ግን ዓይኔን አላየኝም። ነርሷም «ደግሞ መርማሪ መጣብን!» ብላ ሳቀች።

ሚጢጢ ጡጦዋን ሳታጋምስ እንቅልፍ ይወስዳታል። አባዬ «ሰነፍ» ይላታል፤ እኔ እግሯን እየኮረኮርኩ አስጨርሳታለሁ። እኔ ሕፃን ሳለሁ ጡጦ የምትሰጪኝ አንቺ ነበርሽ አሉ፤ እጨርስ ነበር? እንዳታባብዪኝ፣ እውነቱን ጻፊልኝ።

ሚጢጢ ትስምሻለች እንዳልልሽ አሁንም ተኝታለች። ስትነቃ ትስምሻለች።

ወንድምሽ