ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣ የዚያን ዕለት አልሰገድኩልዎትም

ለክቡር አቶ ማዕረግ፣
የናይሮቢ ሐበሾች አረጋውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ አዲሱ መኪናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለው ጉዳይ በእርስዎ እጅ ስላለ ስለ እሱ ከእርስዎ ቢጠየቅ ይሻላል። ከዚህ ቀደም በታሸገ ፖስታ የላክሁልዎት ሁሉ መሳቢያዎ ውስጥ በሰላም ማረፉን ስለሰማሁ፣ የዛሬውን ለሕዝብ ክፍት አድርጌዋለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ ባንታየሁ እባላለሁ። ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ጨርቅ ስነግድ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዓምና እዚህ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ስወርድ ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረ። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሕንፃው ሊፍት ከተበላሸ ወዲህ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ ልጄ ሐሊና ሩንዳ ወደሚገኘው ቤቷ ወሰደችኝና ደረጃ መውጣት እስክችል ድረስ ኢስትሊን እንደማላያት ፈረደችብኝ። ሩንዳ መልካም ሰፈር ነው። ሣሩ ይታጨዳል፣ ውሻው ይታጠባል፣ ሰው ግን አይመጣም። ቢመጣም ዘበኛው በስልክ አስፈቅዶ እስኪያስገባው ድረስ የመጣበትን ጉዳይ ይረሳዋል። እኔ ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ማኅበራችን በበጎ አድራጊዎች ችሮታ ያገኘው የእግር ሮቦት ፓርክላንድስ ባለው አዳራሽ ሲገባ ቀድሜ የተመዘገብኩትም ለዚሁ ነበር። ሮቦቱ ወገብና ጭን ላይ በቀበቶ ይታሰራል፤ በሞተሩ ጉልበት ያስነሳል፣ ያራምዳል፣ በእንጨት ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ ያለማምዳል። ፊዚዮቴራፒስታችን ሙርሺዳ ከጎኔ ሆና የደረጃውን ጫፍ የረገጥኩ ቀን፣ እልልታ የሴቶች መሆኑን እያወቅሁ እልል ብያለሁ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። በቁጥር የማቀርበው እርስዎ ቁጥር የሌለው ነገር አጀንዳ እንደማያስይዙ ስለማውቅ ነው።

፩ኛ፦ ስለ መነሳት። በሮቦቱ ሕግ የተቀመጠ ሰው ከመነሳቱ በፊት ቁልፍ ተጭኖ አረንጓዴ መብራት መጠበቅ አለበት። እኔ ደግሞ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ በማለት ያደግሁ ነኝ፤ ገቢው «በእግዜር!» ብሎ ካልተቀመጠ እኔም አልቀመጥም። ዕድሜ ልኩን እንዲህ የለመደ ወገብ መብራት አይጠብቅም። ስለዚህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልነሳ እላለሁ፣ ሮቦቱ ሊወድቅ ነው ብሎ ቀበቶውን ያጠብቅና «ታፋዳሊ ኬቲ!» ብሎ ይጮኻል፤ በስዋሂሊ እባክዎ ይቀመጡ ማለቱ ነው። ወዳጄ ዘርኣጽዮን የረሳውን ስልክ ሊወስድ ተመልሶ ሲገባ እንኳ ሁለተኛ ተነስቼለት ሁለተኛ ተጮኾብኛል። በዚህ አጋጣሚ ሮቦቱን ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ። በማኅበራችን ውስጥ «እባክዎ» የሚል ቃል ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

፪ኛ፦ ስለዚያች ዕለት። እርስዎ በጎ አድራጊዎቹንና ካሜራ የያዙትን አስከትለው ገቡ። ምንም ቢሆን ሊቀ መንበር ነዎትና ብድግ አልኩ፤ ሮቦቱም መንገድ ላይ ያዘኝ። አልቆምኩ፣ አልተቀመጥኩ፤ ወገቤ ታጥፎ፣ ግንባሬ ወደ ጫማዎ ተደፍቶ ቀረሁ። እርስዎም እጅዎን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ አባቶቻችን ምስጋናቸውን የሚገልጹት እንዲህ ዝቅ ብለው እንደሆነ ለእንግዶቹ አስረዱ። ሙርሺዳ ልትፈታኝ ስትሮጥ ፎቶው እስኪያልቅ እንድትታገሥ በእጅዎ ምልክት ሰጧት። እኔ ከታች ሆኜ አስነሱኝ እያልኩ ስጮህ፣ ለእንግዶቹ «እየመረቋችሁ ነው» ብለው ወደ እንግሊዝኛ መለሱልኝ። ብዙ አስተርጓሚ አይቻለሁ፤ የእርስዎን የሚያህል ግን አላጋጠመኝም። ፎቶው ዛሬ ቢሮዎ ውስጥ በትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል አሉ። መላጣዬ ግድግዳዎን ካሳመረልዎት ደስ ይለኛል፤ ግን ይወቁት፣ አልሰገድኩልዎትም።

፫ኛ፦ ስለ ቅጣቱ። ሮቦቱ ተጠቃሚው ትእዛዝ አያከብርም የሚል መልእክት ወደ ስልክዎ ላከ። ኮሚቴዎ እኔን ሳይጠራ ተሰበሰበና፣ ለራሱም ለማሽኑም አደገኛ ነው ብሎ ተራዬን ሰረዘ። ሙርሺዳ መጥታ፣ ብድግ ቁጭ ማለቱ ራሱ ለጭኑ ጥሩ ልምምድ ነው፣ ሮቦቱም በስክሪኑ ላይ ቢስተካከል እንደ እሱ ላለ ሰው ይመቻል ብትልዎት፣ ኮሚቴው ያየዋል አሏት። ሰው ሲሳደብ፣ ሲደባደብ ይቀጣል፤ እኔ የተቀጣሁት ሰው ስላከበርኩ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ስሜ ከተራው ሰሌዳ ላይ ተፍቆ ያየሁ ቀን ሐሊና እንዳታየኝ ፊቴን ወደ መኪናው መስኮት አዙሬ አልቅሻለሁ።

፬ኛ፦ ይኸኛው አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ዘርኣጽዮን ነገሩን ሲሰማ የኢስትሊን ሽማግሌ ሁሉ ጭኖ ሩንዳ ድረስ መጣ። አንዱ በፊት በር ይገባል፣ እኔ «ኖር!» ብዬ እነሳለሁ፣ እሱ «በእግዜር!» ብሎ በጓዳው በር ይወጣና ዞሮ እንደ አዲስ እንግዳ ይገባል። ሌላውም እንደዚያው። ዘበኛው ማንን እንዳስገባ፣ ማን እንደወጣ ግራ ገብቶት ስልኩን ጣለ። የጎረቤት ሰዎች የሞተ ሰው አለ ብለው አበባ ይዘው መጡ፤ ለእነሱም ተነሳሁ። ሙርሺዳ ልታየኝ መጥታ ስቃ ስትጨርስ ጭኔን ዳሰሰችና እንዲህ ያለ ለውጥ በማሽንም አላየሁም አለችኝ። እንቁላልስ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄድ የለ?

ነገር ግን ልዋሽ አልችልም፤ ሶፋ ሌላ፣ ደረጃ ሌላ ነው። ደረጃውን ሮቦቱ ነው የሚያስተምረኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ሮቦቱ እንዲስተካከል ፈቅደው ተራዬን እንዲመልሱልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ፎቶውን ማውረድ ከከበደዎት ይቆይ፣ ከሥሩ ብቻ «ተይዘው ነው» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለኮሚቴዎ አጭር ስብሰባን የምመኝ፣ ሲፈቀድልኝ ቆሜ፣ ሲከለከልኝ ተቀምጬ የማከብርዎት፣

ባንታየሁ
የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ለጊዜው ሩንዳ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከቋጨሁ በኋላ ትዕግሥት አጣሁና ዛሬ ጠዋት ኢስትሊ ወዳለው ሕንፃችን መጣሁ። በአንድ በኩል ዘርኣጽዮንን፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዤ ሁለተኛው ፎቅ ደርሻለሁ። ከዚያ በላይ እግሬ እምቢ አለኝ፣ መውረዱም አስፈራኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ የማን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ጎረቤቶች ወንበር አምጥተው በርዎ ፊት ለፊት አስቀምጠውኛል፤ ምሳም መጥቶልኛል። ለጉዳይ የሚመጣውን ሁሉ እርስዎን ተክቼ ብድግ እያልኩ እቀበላለሁ፤ እዚህ ምን አስቀመጠህ ላለኝም አንድ ሳላስቀር እነግረዋለሁ። መተላለፊያው ጠባብ ነውና ከምሳ ሲመለሱ እግሬን እንዳይረግጡብኝ አደራ፤ ገና አንድ ፎቅ ይቀረዋል።