ቅጠሉ ወዴት እንደታጠፈ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 27

ቅጠሉን እኔ ነኝ የማመጣው። ሊላ ዛሬ ቢሮ ድረስ መጥታ አናቴ ላይ ቆመች። «ማርታ! ቅዳሜ! ቅጠል! ትልቅ ትልቅ!» ታይፑን ትቼ ሳቅኩ። ባሏ ሚስተር ማዳቫን የትምህርት ቤታችን የሒሳብ አስተማሪ ነው። አገራቸው ደቡብ ሕንድ ነው፤ ኦናም የሚሉት በዓላቸው ከእንቁጣጣሽ በፊት ብቅ ይላል። የበዓሉ ምግብ የሚበላው በሙዝ ቅጠል ላይ ነው። ሊላ ግን የእኛን ኮባ ካየች ወዲህ የሙዙን ንቃዋለች።

ከሻሸመኔም ከይርጋለምም ያሉት ሕንዶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እሷ በረንዳ ላይ ይበላሉ። «ሊላ ሆቴል» ብሎ ስም ያወጣው ወንድሜ ምናሴ ነው። አሁን ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይለዋል።

አምና በዚሁ በዓል አብረን ነበርን። ምናሴ በልቶ ሲጨርስ ቅጠሉን ከራሱ ወደ ውጭ አጠፈው። ሊላ ከተቀመጠችበት ዘላ እጁን ቀብ! በእነሱ ዘንድ የጠገበ ሰው ቅጠሉን ወደ ራሱ ያጥፋል፤ ደስ ብሎኛል፣ ተመልሼ እመጣለሁ ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚታጠፈው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ዘርግታ እንደገና አሳጠፈችው። ስንስቅ ዋልን።

ኅዳር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤ የለም። እናታችን ስትሞት ጀርባዬ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። በቃ፣ ዛሬ አላለቅስም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 28

ቅጠል ልቆርጥ ጋሽ ዳንጊሶ ጓሮ ሄድኩ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው እሳቸው ሳሎን ነው። የዕድራችን ዳኛም ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሥጋ የሌለው ድግስ! ሕንዶችሽ እኮ ከኦርቶዶክሱ ብሰው ጿሚ ሆኑ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ አንዲት ቀልድ የለም።

«በልተሻል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ ጋሼ።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እውነት በልተሻል?» ምን ነካቸው?

ቢላዋውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ቆረጡልኝ። «ለምናሴም አንድ ይጨምሩልኝ፤ በሌለበትም ቦታው ይያዝ» አልኳቸው። ለቀልድ ያህል ነበር። ቢላዋውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ጥግ ድረስ ሄደው ከሁሉም ትልቁን ቆርጠው አመጡ።

ማታ እትዬ ወርቄ፣ አከራዬ፣ ዶሮ ወጥ ላኩልኝ። ያለ በዓል! ቋጣሪ ናቸው እያልኩ ስማቸውን ስቦጭቅ ስለኖርኩ ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 29

ሰው ሁሉ ምን ሆኗል? ለአብዮት በዓል የሚሰቀሉትን መፈክሮች እየመታሁ ሳለ ዳይሬክተሩ ገብቶ «ደክሞሻል፣ ሂጂ ረፍት አድርጊ» አለኝ። ይህ ሰው ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ለቆኝ አያውቅም። በመስኮቱ በኩል የቀበሌው ኪነት ቡድን ከበሮ ይደልቃል፤ እኔ ደግሞ ልቤ ይደልቃል። ጋሽ ዳንጊሶ ቤት መጸለያችን ተጠቁሞ ይሆን? ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው? እስር ይሆን?

ስመለስ መናኸሪያ ጋ ወሬ ሰማሁ። ታደለ ቆስሎ መጥቷል! ከምናሴ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የሄዱ ናቸው። ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል እነሱ ቤት በረርኩ። እናቱ በሩ ላይ ያዙኝ።

«ተኝቷል፣ ልጄ።»

«ልጠብቃ።»

«መድኃኒት ሰጥተውት ነው፤ ዛሬ አይነቃም። ግቢና ወተት ጠጪ።»

የቆሰለው እግሩን ነው፣ ጆሮውን አይደለም። ቢቀሰቅሱት ምን ነበረበት? ወተቱን ቆመው አስጨረሱኝ። ስወጣ የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ ያየሁ መሰለኝ።

ክፉ ነገር አላስብም። ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ይነግሩኝ ነበር አይደል?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 30

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቅጠሎቹን እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ ወሰድኩ። በረንዳው ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ ወለሉ በአበባ ተሸልሟል። የምናሴን ቅጠል ሳሳያት ሊላ ተቀበለችኝና «ይቆይ» ብላ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ብዙ ቆየች።

በተርታ ተቀመጥን። ሩዝ። በሎሚ ያኮመጠጠችው የክክ ወጥ። ጎመን፣ ዱባ፣ እርጎ፤ ኮኮናት ስለጠፋ ለውዝ ፈጭታ ጨምራበታለች። መጨረሻ ላይ በወተትና በስኳር የተቀቀለ ሩዝ። ሌላ ጊዜ ሊላ ቆማ ታስተናግዳለች እንጂ አብራ አትበላም፤ ዛሬ አጠገቤ ተቀምጣ በላች። ማለቴ ቅጠሏ ላይ ያለውን በጣቷ ስትነካካ ቆየች። ሕንዶቹ በቋንቋቸው እንኳ ብዙ አላወሩም።

ከዚያ ሊላ ቅጠሏን አጠፈች። ወደ ውጭ።

አላወቀችውም። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር፣ እጇ ብቻውን ነው ያጠፈው። ሚስተር ማዳቫን አየና አንድ ቃል ተናገረ። ደንግጣ ዘረጋችው። ወዲያው እኔን አየችኝ። ዓይኗ ሞላ።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ዶሮው፣ ወተቱ፣ ረፍቱ፣ ትልቁ ቅጠል። እኛ መርዶ የምናረዳው ሰው እህል ከቀመሰ፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እኔም ራሴ ስንቱን ሰው «በልተሻል?» እያልኩ ደብቄያለሁ!

«ጣፍጧል ሊላ» አልኳት። ቅጠሌን እንዳስተማረችኝ ወደ ራሴ አጠፍኩ። እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም።

እሁድ፣ ጳጉሜ 1

ወንድሜ ሞቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩት።

ለማንም አልናገርም። ብጮህ «ማን ነገራት?» ይባላል፤ ጣት የሚቀሰረው ሊላ ላይ ነው። ምስጢር ያወጣች እንግዳ ትባላለች። ደግሞ አንድ ቀን ልስረቅ። ነገ ሞቱ የሰው ሁሉ ይሆናል፤ ዛሬ የኔ ብቻ ነው።

ቤቱን ጠረግኩ። አልጋዬን አጥፌ ለሰው መቀመጫ ሰፊ ቦታ አወጣሁ። በርሜሉን ውኃ ሞላሁ። የምናሴን ሹራብ ከሻንጣ አውጥቼ ጠረኑን ፈለግኩ፤ አጥቤው ነበር! ምን አጣደፈኝ? ምን አለ ሳላጥበው ባስቀምጠው ኖሮ?

ጸሎት ላይ ጋሽ ዳንጊሶ ጀምረው ድምፃቸው ተቆረጠ። ጉንፋን ነው አሉ። ስንወጣ አጎቴን ከሩቅ አየሁት፤ ከዲላ መጥቶ ከዛፍ ኋላ ሲደበቅ። ያን የሚያህል ሰውዬ! አላየሁም ብዬ አለፍኩ። እየደበቁኝ ነው፣ እየደበቅኳቸው ነው።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 2

ጎህ ሲቀድ መጡ። የእግራቸውን ኮቴ ስሰማ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። እንዴት እንደምደነግጥ፣ ምን ብዬ እንደምጮህ ሁሉ ተለማምጃለሁ።

ጋሽ ዳንጊሶ «ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። ተቀምጬ እያለሁ ነው ያሉኝ። ከዚያ በኋላ ማስመሰል አላስፈለገኝም። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም።

ታደለ በምርኩዝ መጣ። ምናሴ የሞተው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው አለ። ግንቦትን፣ ሰኔን፣ ሐምሌን ስጽፍለት የሚያነብ አልነበረም። ካልሲ ሠርቼለት ነበር።

ረፋዱ ላይ ሊላ መጣች። ሁሉም ጥቁር ለብሷል፤ እሷ ነጭ ሳሪ። በአገራቸው ለቅሶ ነጭ ነው። ሴቶቹ ገለል አሉላት፣ መሬት ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። የያዘችውን ፈታች፤ ነጭ ሩዝ፣ ትንሽ እርጎ። የተዘረጋው ትልቁ ቅጠል ነው፣ የምናሴው። ዳር ዳሩ ጠውልጓል። «ትንሽ ብላ ማርታ» አለችኝ፤ ወንድና ሴት እስካሁን አልለየላትም። እትዬ ወርቄም «እሺ በያት» አሉ።

ሁለት ጉርሻ ዋጥኩ። ከዚያ ቅጠሉን ከራሴ ወደ ውጭ አጠፍኩት። አምና የእሱን እጅ እንደያዘች የኔንም እስክትይዘው፣ ዘርግታ እንደገና እስክታሳጥፈኝ ጠበቅኩ።

አልያዘችኝም።