እጀታ የሚነቀንቁት ሽማግሌ

መስከረም 26፣ ሰኞ

ልጄ ርብቃ ታከር የምትባለው ከተማ፣ አዲሱ ሥራዬ ቦታ አድርሳኝ ሄደች። ሦስቱንም ልጆቿን አሳደግኩላት። ሲያድጉላት "ማሚ፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ቦር ትሆኛለሽ" አለችና ሽማግሌ ጥበቃ አስቀጠረችኝ። እኔ ስልቹ ብሆን ኖሮ እሷም አታድግም ነበር።

የምጠብቃቸው ሚስተር ዳንካን አጃው ጨው የለውም ብለው መለሱት። ጨመርኩበት። በዛ አሉ። ጉልበታቸውን አሸሁላቸው። የኳስ ጉልበት ነው። በወጣትነታቸው ስኮትላንድ ውስጥ ለአንድ ትንሽ ከተማ ቡድን በረኛ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲሰበር ፖሊስ ሆኑ። አንድ ሌባ ካቴና ሲያስገቡለት "ኳስ መያዝ ያቃተህ ሰውዬ እኔን እንዴት ያዝከኝ?" ብሏቸዋል። ዛሬም ነገሩኝና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አገር ቤት ወንድሜን ከቤት ያወጡት ፖሊሶች ናቸው፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የሰውዬውን የድሮ ሥራ ቀድመው ቢነግሩኝ እቀጠር ነበር? እንጃ...

ይህ የምጽፍበት ደብተር የልጅ ልጄ ነው፤ ግማሹን ባዶ ትቶት ነበር። ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ፊደል ሲማሩ ደጅ ቆሜ ከምጠብቅ ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። ልጆቹ ረሱት። እኔ ያዝኩ።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ሽንት ቤት ገብቼ ስወጣ የሉም። ሮጥኩ። አራተኛው ቤት ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። የበሩን እጀታ ይዘው ይነቀንቃሉ። የሦስት ቤት በር ነቅንቀው ነው እዚያ የደረሱት። አንዷ ጎረቤት በካሜራ አይታ ፖሊስ ጠርታለች። ሁለት ሆነው መጡ፤ አንደኛው እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጓል። መካከላቸው ገባሁ። "ኦልድ ማን፣ ኦልድ ማን" አልኩ። ሌላ እንግሊዝኛ ጠፋኝ። ሚስተር ዳንካን ግን እንደ ባልደረባ ሰላም አሏቸው።

ልጃቸው ፊዮና ከሥራ ስትመለስ ሰማች። "በዚህ አገር የሰው በር የሚነቀንቅ ይተኮስበታል፣ አበባ" አለችኝ። እውነቷን ነው። በሩ በቁጥር የሚከፈት የአረጋውያን ቤት ልታስገባቸው ቦታ ጠይቃለች። እንደዚያ ያለ ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ሰው ኮሪደር ላይ ተቀምጦ የተቆለፈ በር ሲያይ ይውላል።

መስከረም 30

ግን ለምን እጀታ? መሄድ የፈለገ ይሄዳል እንጂ የሰው በር ምን ያደርግለታል?

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ጠየቅኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። "ዙር ነዋ፣ ልጄ።"

ለካ እዚያ አገር ተረኛ ፖሊስ በእግሩ እየዞረ የሱቁን ሁሉ እጀታ ይሞክር ነበር። ጠዋት ሳይቆለፍ ያደረ በር ከተገኘ፣ ያን ሰፈር የዞረው ፖሊስ ከአልጋው ተጠርቶ ይዋረዳል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

"አንድ ጊዜ አመለጠኝ" አሉ። "የዓሣ ሱቅ። አለቃዬ በሰው ፊት..." አልጨረሱትም።

እየጠፉ አይደለም እንግዲህ። ሥራ ላይ ናቸው።

ጥቅምት 4

ለፊዮና ነገርኳት። "አባቴ ግራ ገብቶታል" አለች። ግራ አልገባቸውም አልኳት። የአረጋውያን ቤቱ ቦታ በሦስት ሳምንት ይለቀቃል አለች፤ እስከዚያ አንድ ጊዜ እንኳ ብቻቸውን ከወጡ አበቃ።

ርብቃ ደግሞ "ማሚ፣ ሊቭ ኢት። ኤጀንሲው ሌላ ኬዝ ይሰጥሻል" አለች። ኬዝ... ሰው ናቸው አልኳት። "ኦኬ፣ ሪላክስ።" ሪላክስ አላደርግም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ከቤቱ አንድ የትራፊክ መብራት ተሻግሮ የሱቆች ረድፍ አለ። ሰባት በር። የአራቱ ባለቤቶች የእኛ ሰዎች ናቸው። ባልትና የሚሸጠው ነጋሽ ጋ ገባሁና ሚስተር ዳንካን ጠዋት ጠዋት እየዞሩ የሱቆቹን እጀታ ይሞክሩ አልኩት።

"እትዬ አበባ፣ ፈረንጅ በሬን ሲነቀንቅ አላርሙ ቢጮህስ?"

"ቀስ ብለው ነው።"

"ቢሰብሩትስ?"

"ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በርህ እሳቸውን እንዳይሰብርብኝ።"

ሳቀ። ፀጉር ቤት ያላት ናዲያ "ነፃ ሴኪዩሪቲ ማን ይጠላል?" አለች። ሌሎቹን ነጋሽ አስፈቀደልኝ። ሱቆቹ ሳይከፈቱ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል።

ጥቅምት 7

ያለ ክራቫት አልወጣም አሉ። ፈልጌ አመጣሁ። እጀታውን ያዝ፣ ነቅነቅ፣ ወደ ቀጣዩ። ሰባቱም ዝግ። ከምሳ በኋላ ተኙ። የቤቱን በር ዞር ብለውም አላዩት።

ጥቅምት 10

መንገድ ላይ ጠየቅኳቸው። ሰው ከቤቱ አውጥተው ያውቃሉ?

"ብዙ።"

ከዚያስ?

"የት እንደወሰድኩት ለእናቱ እነግራታለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

የእኔ እናት ወንድሜን ዓመት ሙሉ ስታስስ ኖረች።

ጥቅምት 13

ዘነበ። ሄድን።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ተራዬ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ሄድኩ። ፓስተሩ ከፈለጉ ይቀየሙ። ርብቃ "በነፃ?" አለች። እያጉረመረመችም ቢሆን አደረሰችኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ፊዮና ዙሩን ልታይ ከሥራ ቀርታ ከኋላችን ተከተለች። "ልጅ ሳለሁ አባቴ ቀን ይተኛ ነበር" አለችኝ። "ዝም በሉ እንባል ነበር። ሌሊት ምን እንደሚሠራ ጠይቄው አላውቅም።"

የናዲያ በር ተከፈተ። ሳይቆለፍ አድሯል። ፊዮና ልትገባ ስትል አባቷ ክንዷን ያዟት።

"ማንም አይገባም። የሱቁን ባለቤት ጥሩ።"

ድምፃቸው ሌላ ሆነ። ለናዲያ ደወልኩላት። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው አርባ ደቂቃ ቆሙ፣ በዚያ ጉልበት። ወንበር ይምጣ ብል እምቢ አሉ። ናዲያ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። በደንብ ተቆጧት። "አጥፍቻለሁ፣ አባባ" አለቻቸው በአማርኛ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፊዮና ወደ ጎን ሳብ አድርጋ "አንቺ ነሽ ያስከፈትሽው?" አለችኝ። አይደለሁም። ቀድሞ ቢታሰበኝ ኖሮ ግን ሳላስከፍተው አልቀርም ነበር።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስልክ ደወለች። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት ስትል ሰማሁ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጉልበታቸው አብጧል። ሦስተኛው በር ላይ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"የቀሩትን አንቺ ጨርሺ።"

"እኔ?"

"ሌላ ማን አለ?"

አራተኛውን ነቀነቅኩ። ዝግ። አምስተኛው ዝግ። ስድስተኛው የታክስ ቢሮ ነው። እጀታውን እንደያዝኩ የማላውቀው ሰውዬ ቁልፍ ይዞ ከመኪና ወረደ፤ አዲስ ተቀጣሪ መሆን አለበት።

"እትዬ፣ ምን ፈልገው ነው? አልተከፈተም እኮ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ብዬ እጄን እሰበስብ ነበር። አልለቀቅኩም። መቆለፉን አረጋገጥኩ።

"ሥራ ላይ ነኝ" አልኩትና ወደ ሰባተኛው አለፍኩ።