የአባዬ ስኒና የሁሴን ምርቃት

ጥቅምት 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አሰላ፣ ጧት

ዛሬም አሚን አልኩ። መ/ቤት ከመግባቴ በፊት ላንቺ ልንገርሽና ይውጣልኝ፣ ደብተሬ።

አባዬ እንደ ወትሮው ስኒውን ይዞ መረቀ። በእኛ ሰፈር ታላቅ ሰው ሳይመርቅ ቡና አይቀመስም። ከመንገዳችን ታላቁ እሱ ነው፣ ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት። ሐጂ ቃሲም በሩ አጠገብ፣ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። ሴቶቹ ከባለቤቴ ከመርየም ጋር ጓዳው አፍ ላይ። አባዬ በረዶውን ከገብሱ ላይ መልስልን አለ። አሚን። ከብቱን ጠብቅልን። አሚን። ከዚያ ምርቃቱ ውስጥ ሁሴን ገባ። ልጄን ሁሴንን ከመንገድ በሰላም መልስልኝ፣ ሚስት ስጠው፣ የልጅ አባት አድርገው።

አሚን፣ አሚን፣ አሚን።

ወንድሜ ሁሴን ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ። ከኢተያ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የሚነዳው ሎንቺና ፍሬን እምቢ ብሎት። መቃብሩ ላይ አፈር የመለሰው አባዬ ራሱ ነው። አሁን ማን ያርመው? ታላቅ ሰው ሲመርቅ አይቋረጥም። ምርቃትም ያለ አሚን አይተውም። ስለዚህ የሞተ ሰው እንዲያገባ አሚን እንላለን፣ ቡናችንን እንጠጣለን፣ ቻው ተባብለን ወደየሥራችን።

የኔ ስም አልተነሳም። ዛሬም።

ጥቅ. 8፣ ከቀትር በኋላ

ፈቃድ ጠይቄ አባዬን ክሊኒክ ወሰድኩት። በጋሪ። ጋሪውን የሚጎትተውን ፈረስ አይቶ አፈረለት፤ አንገቱን ተመልከቱ፣ ይሄ ፈረስ ነው? አለ። በጉብዝናው ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው፣ እስከ ዛሬ አባ ዳማ ነው የሚባለው። ያ ፈረስ እኔ ሳልወለድ ሞቷል። አባዬ ግን ሌሊት እየተነሳ ኮርቻውን ይፈልጋል።

ይህንኑ ለክሊኒኩ የሐኪም ረዳት፣ ለድሬሰሩ ነገርኩት። የሸዋ ሰው ነው፣ ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት። ይተኛል ወይ? አይተኛም። ቡና? ጧትም፣ ቀትርም፣ ማታም። በቃ፣ አለ፤ ቡና ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ ያልተኛ ሽማግሌ ደግሞ ይዘነጋል። ይቁም። ይህን ሲል የራሱ ስኒ ጠረጴዛው ላይ ይጨሳል። አየሁት። ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ላንቺ ብቻ፦ ደስ ብሎኛል። ቡና ከሌለ ሰው አይመጣም። ሰው ካልመጣ ምርቃት የለም። ምርቃት ከሌለ ሁሴን የለም። አንድ ጧት እንኳ፣ ያለ ሁሴን!

ለመርየም ለጤናው ነው አልኳት። ለጤናው ነው፣ እርግጥ።

ጥቅ. 10፣ ማታ

ራሱን በፎጣ ጠፍሮ አስሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ራሴን፣ ራሴን ይላል። ብርሃን አይፈልግም። ምሳ አልቀመሰም።

መርየም ዘዴ ፈጠረች። ገብስ እስኪጠቁር ቆላች፣ ፈጨች፣ በጀበና አፍልታ አቀረበች። አንድ ጊዜ ፉት አለ። አፉ ውስጥ ትንሽ ያዘው። ከዚያ በሥርዓት፣ ማንንም ላለማስቀየም፣ ወደ ስኒው መለሰውና ቤቱ ደህየ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

ለመግሪብ ሶላት እግሩን አጠብኩት። አመሰገነኝ። ጌታው ብሎ። ከየትኛው መ/ቤት እንደተላክሁም ጠየቀኝ፤ በአንቱታ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ቢሮ በር ላይ ቆሞ እንደሚለማመጥ ባላገር። እኔን! ከድርን!

ውሃውን ደፍቼ ደጅ ቆየሁ። ብርድ ነው።

ጥቅ. 13፣ ጧት

ይተኛል። የታዘዘው ይኸው ነበር፣ ተሳክቷል። ኮርቻ አይፈልግም። ሁሴንን አይጠራም። በረዶውንም፣ ገብሱንም፣ ማንንም። ማንኪያ ሲመጣ አፉን ይከፍታል። ሌሊት ልብሱን አርጥቦ አደረ፤ ለምራት ነውር ነው ብዬ መርየም ሳትነቃ እኔ ቀየርኩለት። እጄን ይዞ ቆየ። የሰው እጅ መሆኑን ነው እንጂ የማን መሆኑን አያውቅም።

ሐጂ ቃሲም በአጥር ላይ ምርኩዙን አንስቶ ሰላም አለና አለፈ። አልገባም። ቡና ያልተፈላበት ቤት ማን ይገባል፤ ጠብ ያለ ይመስለዋል።

ከመርየም ጋር ተጣላን። አባትህን ከነነፍሱ ቀበርከው አለችኝ። ድሬሰሩን ጠቀስኩላት፣ ትምህርቱን፣ ነጭ ጋዋኑን። እሷ ጮክ ብላ አትናገርም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። «እሱ ስለ እንቅልፉ ነው የነገረህ» አለች። «አንተ የነጠቅኸው ግን ሰዉን ነው።»

ልክ ነች። ልክ በመሆኗ ይበልጥ ተናድጄ ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ።

ጥቅ. 13፣ መ/ቤት፣ ሹሙ ሳይመጣ

ፋይል ገልጬ ተቀምጫለሁ። አላነብም። አባዬ ሁሴንን ፈረስ አስተማረው፤ እኔን ለት/ቤት ሰጠኝ። ያኔ ከየቤቱ አንድ ልጅ አምጡ ሲባል የሰው ሁሉ ልማድ ነበር፤ የሚወዱትን ደብቆ ቢጎድል የማይጎዳውን መስጠት። የማልጎዳው እኔ ነበርኩ። ተምሬ፣ ተቀጥሬ፣ የመጀመሪያ ኮቴን ለብሼ ስገባ ለእንግዶቹ ይሄኛው የመንግሥት ነው አላቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አሁን ያጥበዋል፣ ያለብሰዋል፣ ያጎርሰዋል፣ የመንግሥቱ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጭንቅላቱ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ስኒውን እንደያዘ፣ አንድ ቀን ከድር ይበል። ልጄ ከድር። ሌላው ይቅር። ይኸው፣ ባለትዳር ሰውዬ የልጅ ነገር ጻፍኩ።

ሹሙ መጣ።

ጥቅ. 15፣ ከሥራ መልስ

ድሬሰሩን አረቡ ሻይ ቤት አገኘሁት። በቀጥታ ጠየቅኩት፤ አባቴ ምን ሆነ? አልደበቀኝም፣ ይህን ልመስክርለት። ራስ ምታቱና ድንዛዜው ቡናው በአንድ ጊዜ ስለተቋረጠ ነው፣ ያልፋል። ዝንጋታው የዕድሜ ነው። ቡና አላመጣውም፣ ቡናም አይመልሰውም፤ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሐኪም እሱ አላየም። ለእንቅልፉ ሲባል የማታው ይቅር፣ የጧቱን ስጠው፣ ኋላ ኋላ ነው ያሰብኩት አለ።

እና እነዚህ ሁሉ ቀናት በከንቱ? ልጮህበት ነበር። ነገር ግን ይቁም ሲለኝ ቸኩዬ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሰው መሃል መቀመጡስ፣ ጨዋታው፣ ትንሽ አይመልሰውም ወይ አልኩት። ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ። ይህን አላስተማሩንም አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው እናቱ ብቻዋን ደብረ ብርሃን እንዳለች ነገረኝ።

ጥቅ. 16፣ ጧት

ሐጂ ቃሲምን ራሴ ሄጄ ጠራሁት። ቡና ተፈልቷል አልኩት። ምን ነበር ብሎ አልጠየቀኝም፣ ምርኩዙን አንስቶ ተከተለኝ። ሌሎቹም መጡ። መርየም የጀበናው አልበቃ ብሏት በበዓል ቀን የሚቀርበውንም አቀረበች፤ ፍሬው ከነገለፈቱ በቅቤ የሚጠበሰውን፣ ቡና ቀላውን።

አባዬን ደግፌ አወጣሁት። ቅቤው ሲሸተው ቀና አለ። ስኒውን በሁለት እጁ ያዘ። ቆየ። ቃሉ ጠፍቶታል ብዬ ልጀምርለት አፌን ከፈትኩ። አልጠፋውም! በረዶውን፣ ገብሱን፣ ከብቱን፣ አንድ በአንድ። ፉት ካለም በኋላ ቃሲም፣ ያ ጉልበትህስ? አለ። በስሙ ጠርቶ። ሐጂ ቃሲም ጉልበቱን እየመታ ደህና ነው፣ ደህና ነው አለ። መርየም በሻሿ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ሁሴን። ከመንገድ በሰላም ይመለስ። አሚን፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ፣ ከልቤ።

ያኔ አየኝ። ደህና አድርጎ። ይሄ ሰውዬ ማነው ብሎ መርየምን ጠየቃት። ከድር ነው፣ ልጅዎ፣ አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ከድር ቢሮ ነው አለ። ከድር አይመጣም።

እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ቡናው ያሞቀው እጅ ነው። እናም መረቀኝ፣ ደብተሬ። ይህ የመንግሥት ሰው፣ አለ፣ እግሬን ያጥባል፣ ልብሴን ይቀይራል፤ አልወለድኩትም፣ የወለድኩት ግን ይህን አላደረገልኝም። አላህ በእርጅናህ የሚያውቅህ ልጅ ይስጥህ።

ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። ሐጂ ቃሲም መሬት መሬት እያየ።

እኔም አልኩ። ምርቃት ያለ አሚን አይተውም።

ጥቅ. 16፣ ከመግሪብ በኋላ

ቢሮ ውዬ መጣሁ። ምን ስሠራ እንደዋልኩ አላውቅም። ተናድጃለሁ። በአባዬ አይደለም፣ በድሬሰሩም አይደለም። መሬት ውስጥ ባለ ሰው ይናደዳሉ? እኔ ተናድጃለሁ።

የጧቱ ቡና ይቀጥላል። ሰዉም ይምጣ፣ ለመርየም ነግሬአታለሁ። ሌላም ቆርጫለሁ። ነገ ማነህ ሲለኝ ሁሴን ነኝ እለዋለሁ። ከመንገድ በሰላም ገባሁ እለዋለሁ። ሽማግሌው ያ ሁሉ አሚን ሲደርስለት አንድ ጊዜ ይይ። በማግስቱ ይረሳዋል፤ በማግስቱ ደግሜ እገባለሁ። በየጧቱ። ምን ይቀርብኛል? ስሜ? ማን ጠርቶት ያውቃል።

መርየም ሰምታ አልተቃወመችም። ጀበናውን አጥባ ደፋችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ሁሴን መጣልኝ ብሎ ደስ ካለው በኋላ፣ ስኒውን እንደያዘ ወደ በሩ አይቶ፣ ያ ሌላው ልጄስ፣ ከድርስ የት ቀረ ቢለኝ፣ ምን ልለው ነው?