ስም ሳይወጣላት ስለቀረችው ሕፃን

…በእናቲቱ ግቢ ነጩ ልብስ ገና ገመድ ላይ ነበር፤ ለስም ማውጫው ቀን ታጥቦ የተሰጣ። ያኔ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

ለክቡር አቶ ላሪያ ቦርቴ፣
የሆስፒታል ፕሮግራማችን ዋና መሐንዲስ፣
አክራ።

ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ደህና እንደሚተኙ አልጠራጠርም፤ ለዚህም ከልብ ደስ ይለኛል። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ፕሮግራማችን የሕፃን ስም ጠይቆ በቦታው ምንም ሲያጣ፣ እኛ «ነል» የምንለው ሲገጥመው፣ ወዲያው ወድቆ ሥራ ያቆም ነበር። እኛ የጋ ብሔር ሰዎች ደግሞ ልጅን በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ደጅ አውጥተን እስክንሰይመው ድረስ እንግዳ ነው የምንለው። እርስዎም እንዲሁ ነው የተሰየሙት። ይህን ረስተው፣ ሰው ሁሉ ከነስሙ እንደሚወለድ አድርገው ስለነደፉልን እናመሰግናለን።

፪. ስሙ ከመጠራቱ በፊት መኖሩ ይረጋገጥ፣ አለዚያም የሕፃኑ መዝገብ ገና ሲፈጠር የእናቱን ስም ይዞ ይፈጠር ብዬ ስለምንዎ፣ በሁሉም ፊት «ቻሌ፣ ወዳጄ፣ ፕሮግራመር ነህ ወይስ የክርስትና አባት? ስህተቱን አፍነውና ምሳ እንሂድ!» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ሁሉም ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

፫. በገዛ እጅዎ አፈኑት። ስህተት ሲመጣ ተቀብሎ ዝም የሚል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ትእዛዝ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ወድቆ አያውቅም። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። «ስህተት የለም» የሚል ኬክም ቆረሱልን። ክሬሙ ጥሩ ነበር።

፬. እኛ ሆስፒታል የወለደችው የዴዴይ ሶዋ ልጅ፣ ገና ስምንት ቀን ሳይሞላት፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ላብራቶሪው የደሟን ውጤት አጣዳፊ ብሎ ላከ። ፕሮግራሙ ስሟን ጠየቀ። አጣ። ውጤቱን ውጦ ዝም አለ። ነርሷ አረንጓዴውን ስክሪን አይታ «ምንም የለባትም እናትዬ፣ ትንሽ ፀሐይ አሙቂያት» አለቻት።

ሕፃኗ ስም ሳይወጣላት ሞተች። ስለዚህ በእርስዎ ሪፖርት ማንም አልሞተም፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ትእዛዙ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የወሊድ ክፍሉም ሙሉ ነው።

ዝምታዎን ዘወትር የሚያደንቅ፣ ከወንበርዎ በታች በአክብሮት የሚያጎነብስ የሥራ ባልደረባዎ፣
አዶቴ ኳዬ

ማስታወሻ፦ የላኩትን የማጽናኛ አበባ ቡኮም ሰፈር፣ እናቲቱ ቤት ድረስ ወስጄ አድርሻለሁ። ካርዱ ላይ የሟች ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትተውታል። ዴዴይ ቆማ አየችው። «በእናንተ ማሽን ውስጥስ ማን ነበረች?» አለችኝ። በሩን ዘጋችው።