ስለ ቢጫዋ ቁራጭ ጨርቅ፣ ለቀድሞው ርዕሰ መምህራችን

ለተከበሩ የቀድሞው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ለዛሬው የወንጀል ልቦለድ ደራሲ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ ሳይዝልዎ፣ ዓይንዎም ሳይከዳዎ አራት መቶ ስድስት ገጽ ለመጻፍ ስላበቃዎ ጤንነት ከልብ ደስ ብሎኛል፤ እኔም እስከ መጨረሻው ለማንበብ የሚበቃ ትዕግሥት ስላልጎደለኝ ደህና ነኝ።

ምናልባት አያስታውሱኝም። የትምህርት ቤቱ ልብስ አጣቢ የነበረችው የዚያች ሴት ልጅ ነኝ፤ በእንፋሎቱ መካከል፣ ከአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ የነበርኩት። ዛሬ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ቀዝቀዝ ሲል መጽሐፍ አነብላታለሁ። የእርስዎ መጽሐፍ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት በእኛው ትምህርት ቤት ስለሞተችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ መሆኑን ስሰማ፣ በወጣበት ሳምንት ገዛሁት። ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ምስጢሩ። ልብስ አጣቢዋ ገና ገጽ ዘጠኝ ላይ «በእባብ ዓይን» እያየች ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ በየምዕራፉ መጨረሻ ከአንድ በር ኋላ ብቅ ትላለች። ሌሎች ደራሲዎች ገዳዩን ለመደበቅ ሲደክሙ፣ እርስዎ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት ብለው አንገቷ ላይ ደውል አስረውላታልና ስለ ርኅራኄዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ርዕሰ መምህሩ። በልቦለዱ ውስጥ ያለው ርዕሰ መምህር ረጅም፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ፒያኖ የሚጫወትና ተማሪ ባስነጠሰች ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። ከማን እንደቀዱት ለመገመት አልደፍርም።

ሦስተኛ፦ አገዳደሉ። ልብስ አጣቢዋ በልጅቷ ሹራብ ቀንታ የትራስ ልብሷን በመርዝ ዘፈዘፈች ይላሉ። የተከበሩ ሆይ፣ እናቴ በሳምንት ሁለት መቶ ሹራብ ታጥብ ነበር፤ በአንዱ ስትቀና ብትውል ሌላውን መቼ ልታጥበው ነው? ደግሞስ መርዙ ከየት መጣ? ልጅቷ አስም ነበረባት፤ ያን ቀንም ሕሙማን ክፍል ተኝታ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እናቴ የሕሙማን ክፍሉን አንሶላ ስትቀይር፣ ተማሪዎች እየገቡ እንዳያስቸግሩ ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን እንድታመጣልዎ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። እርሷም ቆልፋ፣ ቁልፉን ቢሮዎ ድረስ አምጥታ በእጅዎ ሰጥታ ለዕረፍቷ ወጣች። ልጅቷ ትንፋሽ ሲያጥራት በሩን ደበደበች፤ ጓደኞቿ ቁልፍ ፍለጋ ቤትዎ ቢሮጡ ግብዣ ሄደዋል ተባሉ። በሩ ተሰብሮ ሲከፈት ረፍዶ ነበር። ልጅቷን የገደላት የተቆለፈ በር ነው።

በማግስቱ ለአጣሪዎቹ «ቁልፉ ከልብስ አጣቢዋ ዘንድ ነው፤ እኔ በዚያን ቀን በዓይኔም አላየሁት» አሉ። በርዕሰ መምህር ቃልና በልብስ አጣቢ ቃል መካከል የትኛው እንደሚመዝን ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም፤ እናቴ አንድ ጥቅል ልብሷን ይዛ፣ እኔን በእጇ እየጎተተች ወጣች። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «ባለቁልፏ» ይላታል። ስሟን የሚያውቅ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው።

አራተኛው ግን ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ይኸኛውን ያለ ፌዝ ይቀበሉኝ።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ፣ መርማሪው ቁልፉን ከልብስ አጣቢዋ ጥቅል ውስጥ ያገኘዋል። እንዲህ ጽፈዋል፦ «ከቁልፉ ራስ ላይ፣ ከመጋረጃ የተቀደደች ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ተቋጥራ ነበር»። ይህን ሳነብ እናቴ እጄን ያዘችኝና ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ባዶውን ቋጠሩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያም የቁልፉ ቀለበት በዚያው ቅዳሜ እንደተሰበረ፣ እንዳይጠፋ ብላ ከክፍሉ አሮጌ ቢጫ መጋረጃ ቀድዳ እንዳሰረችበትና ወዲያው ለእርስዎ እንዳስረከበች ነገረችኝ። ቁልፉ ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። ስለ ጨርቋ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እርሷም ለማንም፣ ለእኔም እንኳ አላነሳችም። «ታዲያ አላየሁም ብሎ አልነበር?» አለችኝ። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ያልተሸጠ ቀሚስ ላይ ተደፍቼ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የተረቱን ሁለተኛ እኩሌታ በመጽሐፉ ጀርባ ያለው ፎቶግራፍዎ ሲያረጋግጥልን፣ የመጀመሪያውን ደግሞ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት መስክሮልናል። በአራት መቶ ስድስት ገጽ ውስጥ እውነት የሆነች አንዲት ዐረፍተ ነገር እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ በጥንቃቄ ቆርጬ ከመስፊያ ማሽኔ በላይ ሰቅያታለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ፒያኖ አያስፈልገውም። ቁልፉን ከማን እጅ እንደተቀበሉ ጽፈው ስምዎን ከሥሩ ያኑሩ፤ የእናቴንም ስም በሙሉ ይጻፉ፤ ከረሱት ከድሮው የሠራተኞች መዝገብ ያገኙታል።

ለብዕርዎ ዕረፍትን፣ ለማስታወስ ችሎታዎ ግን ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ካለ አክብሮት ጋር፤

የባለቁልፏ ልጅ

ደብዳቤው ከተዘጋ በኋላ የታወሰ፦ እናቴ ያን ቀን መጽሐፉን አስዘጋችኝ፤ ቀሪውን ብቻዬን ነው የጨረስኩት። አሁን በየቀኑ «በመጨረሻ ማን ገደላት አለ?» እያለች ትጠይቀኛለች። አንቺ ነሽ ይላል ብዬ ልነግራት አፌ እምቢ አለኝ። እባክዎ እርስዎ መጥተው ይንገሯት። ቀን ቀን ቤት ናት፤ በራችንም ከውጭ አይቆለፍም።